አክስት ነበረችኝ

ጥር 9

ይድረስ ለጠያቂዬ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺንም እናትሽንም በሙሉ ጤና ያግኛችሁ። የእህቴን ጉልበት ይማርልኝ፤ ደረጃ እየወጣች እየወረደች ማስተማሩን በዚህ ዕድሜዋ ብትቀንስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ማን ይሰማኛል።

እኔ ደህና ነኝ። ሆስፒታሉም እንደ ወትሮው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም በአፌ ሲመላለስ ይውላል። በሽተኛዋን ሆኜ ለሐኪሙ "እዚህ ጋ ይወጋኛል" እላለሁ፤ ሐኪሙን ሆኜ ለበሽተኛዋ "በረጅሙ ተንፍሺ" እላለሁ። አስተርጓሚ ስትሆኚ ቤትሽ ስትገቢ የራስሽ ድምፅ የቱ እንደሆነ ይጠፋሻል። ስልክ የማልወደውም ለዚህ ነው። ደግሞ በስልክ ሁላችንም "ደህና ነን፣ ደህና ነን" ተባብለን ነው የምንዘጋው።

የጠየቅሽኝን አጣርቻለሁ። እዚህ ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ በዓለም አቀፍ ግንኙነት የማስተርስ ትምህርት አለው። በእረፍት ቀኔ ሄድኩ። ጸሐፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ስትፈልግ ነው የደረስኩት፤ እኔ ሳሳያት ስቃ ስቃ ሞተች፤ ከዚያ በኋላ ዘመድ ሆንን። የአገራት ውል፣ የድንበር ክርክር፣ ስደት፣ የጦርነት ታሪክ ይማራሉ። ብሔራዊ ደህንነትም አለበት፤ ግን እንደ አንድ ቅርንጫፍ ነው። አንድ ክፍል አስገብታኝ ከኋላ ተቀመጥኩ። መምህሩ "ደህንነት ስንል የማን ደህንነት ነው?" ብሎ ጠየቀና ማንም ሳይመልስ ቆየ። እኔ አንቺን አሰብኩ። አንቺ ብትኖሪ እጅሽን ታወጪ ነበር።

ምረጪ ብዬ አልጫንሽም። ግን ትንሿን ክፍል ባዶ አድርጌያታለሁ። ከታች ብስክሌት ጠጋኝ አለ፤ የጎማ ሽታ ይመጣል፤ ይለመዳል። መጋረጃውን ቀይሬዋለሁ።

እናትሽን ሳሚልኝ።
አክስትሽ


የካቲት 3

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ፣

ከእግር ጥፍርሽ እስከ ራስ ፀጉርሽ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነብባኝ "መጋረጃ ቀይራለች እኮ" እያለች ስታወራ ሰነበተች።

ሥራዬ ያው ነው። የስብሰባ አዳራሹን አዘጋጃለሁ፤ የእንግዶችን ስም በየወንበሩ ፊት አስቀምጣለሁ፤ ከማን አጠገብ ማን መቀመጥ እንደሌለበት አውቃለሁ። ስብሰባው ሲጀመር ግን በሩን ዘግቼ የምወጣው እኔ ነኝ። ውስጥ ምን እንደሚባል ሰምቼ አላውቅም። አለቃዬ ባለፈው "ማስተርስ ካልያዝሽ ጡረታ እስክትወጪ የሰው ስም ተሸክመሽ ትዞሪያለሽ" አለኝ። ቀልድ መስሎት ነው። እኔ ግን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አክስቴ፣ እዚህም አንድ ነገር ተከፍቷል። የመንግሥት ተቋም ነው፤ "ዓለም አቀፍ ግንኙነትና ብሔራዊ ደህንነት" ይባላል። የሚወስዱት ጥቂት ሰው ነው፤ ተመርቆ የወጣ ደግሞ በቀጥታ ይመደባል፤ በሩን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ይዘጋል ማለት ነው። አንቺ ጋ መጥቼ ብማር ስመለስ ማን ያስታውሰኛል? ሁለቱንም እያሰብኩ ነው። እዚህኛው ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። የሰው ማንነት በደንብ ያጣራሉ ይባላል።

ለመሆኑ ያኔ በሬዲዮ ትናገሪ የነበረው ነገር አሁንም አለ እንዴ? እንዲሁ ነው የጠየቅኩሽ።

ያንቺው ጠያቂ


የካቲት 24

ይድረስ ለጠያቂዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ቃለ መጠይቁ እንዲሳካልሽ ከልቤ እመኛለሁ።

ሬዲዮውን ከተውኩት ቆይቷል። ያን ጊዜ ገና እንደመጣሁ ነበር፤ ተናድጄ ነበር፤ ማይክራፎን ሲሰጡኝ የሆዴን ዘረገፍኩት። ባለሥልጣናቱን በስማቸው እየጠራሁ ተሳደብኩ። ያኔ ለእናንተ አላሰብኩም። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል፤ የተናገርኩት ውሸት ሆኖ ሳይሆን እናንተ እዚያው ስለቀራችሁ። ከዚያ በኋላ ፖለቲካ የሚባል አልነካሁም።

"እንዲሁ ነው የጠየቅኩሽ" ብለሽ ጻፍሽ። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲሁ ጠይቀሽ አታውቂም። የሚያስቸግርሽ ነገር ካለ ንገሪኝ። ምን ጠየቁሽ? ምንስ መለስሽ?

የዚህኛው ምዝገባ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ክፍት ነው ብላኛለች ጸሐፊዋ።
አክስትሽ


ሚያዝያ 2

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? እኛ ደህና ነን።

በሥራ ብዛት ሳልጽፍልዎ ቆየሁ፤ ይቅርታ። ቃለ መጠይቁ ጥሩ ነበር። ለጊዜው ወደ ቤት ባይደውሉ፣ ደብዳቤም በቤት አድራሻ ባይልኩ እመርጣለሁ። የሚጽፉልኝ ካለ ከላይ ባሰፈርኩት በጓደኛዬ አድራሻ ይሁን። ምክንያቱን ወደፊት አስረዳለሁ። እማዬ ሰላም ብላዎታለች።

አክባሪዎ


ሚያዝያ 20

ለጠያቂዬ፣

እግዜር ያኑርሽ።

መጀመሪያ ደብዳቤሽን ሳነብ ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አየሁ። ጡት ከጣልሽ ጀምሮ "አንቺ" ብለሽኛል፤ አሁን ከየት የመጣ "እርስዎ" ነው? ደነገጥኩ። ታመሽ ይሆን፣ እህቴ አንድ ነገር ሆና ይሆን ብዬ ስብሰለሰል ሰነበትኩ።

ለካ አንድ ነገር የሆንኩት እኔው ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ ስልክ ተደወለ። ሳቂታ የምንላት ናት፤ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ እናትሽ ታውቃታለች፤ ወደዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ በሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ከተጠፋፋን ቆይቷል። "ሃሎ" አልኩ። ለቅሶ ብቻ። ቆይታ፣

"የእሷ ቤት ነው? አብረዋት የሚኖሩ ነዎት?" አለችኝ።

አፌ ላይ የመጣውን እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ድምፄን ቀይሬ "ጎረቤቷ ነኝ" አልኩ። ልማድ ሳይሆን አይቀርም፤ ሌላ ሰው ሆኖ መናገር ሥራዬ ነው።

"መሞቷን ከእህቷ ጎረቤት፣ ከልብስ ሰፊዋ ነው የሰማነው። ታማ ነበር?"

"ድንገት ነው። ልቧ ነው" አልኩ። የሞትኩበትን በሽታ እንኳ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ አየሽልኝ?

"ብቻዋን ነበረች?"

"አዎ። ብቻዋን ነበረች።"

እሷ እየተንሰቀሰቀች "ኩራቷ አስቸጋሪ ነበር፤ ሳታስቀይመኝ የዋለችበት ቀን የለም፤ ግን እወዳት ነበር" አለች። ያኔ "እኔ ነኝ፣ አለሁ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከቤታችን አንድ ሰው እኔን ለመግደል ከተጨነቀ ምክንያት ይኖረዋል፣ ላበላሽበት አይገባም አልኩ በሆዴ። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ሌላ ምን እንደምትልልኝ መስማት አማረኝ። "አዎ፣ አዎ" እያልኩ አቆየኋት። ከዘጋሁ በኋላ መስታወት ማየት አቃተኝ።

አሁን ንገሪኝ። ማን ነው የገደለኝ? እናትሽ ናት ወይስ አንቺ?
አክስትሽ


ግንቦት 11

አክስቴ፣

ሰላምታ ለመጻፍ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም ተውኩት። ምን መብት አለኝ ብዬ።

እኔ ነኝ። እማዬን አትጠርጥሪያት።

በቃለ መጠይቁ ቀን ረጅም ጠረጴዛ ነበር፤ ከወዲያ ሰዎች፣ ከወዲህ እኔ። መሀል የተቀመጡት ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ናቸው፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ የልጅ ልጃቸውን እንደሚያናግሩ ያህል። ስለ ውል፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ ድንበር ጠየቁኝ፤ ጥሩ መለስኩ። ደስ አላቸው። ከዚያ ወረቀት እያገላበጡ "ውጭ አገር የሚኖር የቅርብ ዘመድ አለሽ?" አሉኝ።

የሬዲዮው ነገር ትዝ አለኝ። "አክስት ነበረችኝ" አልኩ።

ይኸው ነው። "አለችኝ" ማለት ሲገባኝ "ነበረችኝ" አልኩ። ሳላስበው ነው ብዬ ልምልልሽ እችል ነበር፤ ግን አስቤዋለሁ። ኮሎኔሉ ቀና ብለው "ነፍስ ይማር" አሉ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ማረም እችል ነበር። "ኧረ አልሞተችም፣ ተሳስቼ ነው" ማለት ምን ያቅት ነበር? "አሜን" አልኩ።

ቤት ስመጣ ለእማዬ ነገርኳት። የያዘችውን ሰሃን አስቀምጣ "ምን አልሽ?" አለች። ደገምኩላት። "ማንም አያውቅም፣ በወረቀታቸው ላይ ብቻ ነው" አልኳት።

ከጥቂት ቀን በኋላ አጣሪ መጣ። ካኪ ጃኬት የለበሰ፣ ትሁት ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ ጠራርጎ ነው የገባው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን የእማዬን ቀሚስ ልትለካ እኛ ቤት ነበረች፤ መርፌ በጥርሷ ይዛ። ሰውየው ሻይ እየጠጣ ስለ እኔ ጠባይ ሲጠይቅ ቆየና፣ "እህትዎም አርፈዋል አሉ፤ እውነት ነው?" አላት እማዬን።

እማዬ አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ። ራሷን ወደ ታች ነቀነቀች። ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ተፍታ ጮኸች። "እኔ ሳልሰማ! አፍነሽው ነው የተቀመጥሽው! አይ አንቺ ሴት!" ብላ እማዬ አንገት ላይ ተጠመጠመች። በማግስቱ ቤታችን ሰው በሰው ሆነ።

ሳሎኑ ሞላ፤ ኮሪደሩ ሞላ። የእማዬ የትምህርት ቤት ባልደረቦች ጥቁር ለብሰው መጡ። ያን የተመረቅሽበትን ፎቶ ልብስ ሰፊዋ ራሷ ከግድግዳ አውርዳ ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። ስለ አንቺ አወሩ፤ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ወንድ ሲያሾፍብሽ ብርጭቆውን ከእጁ ወስደሽ እንደጠጣሽበት አወሩና ሳቁ፤ ስቀውም አለቀሱ። እማዬ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። የሚያሳፍረኝ የሐሰት እንባ አለማልቀሴ ነው። በእውነት ነው ያለቀስኩት፤ ፎቶሽን እያየሁ በእውነት ሞተሽብኝ ነበር። አጣሪውም መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲወጣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብሎኛል።

"እርስዎ" ያልኩሽ "አንቺ" ብዬ መጻፍ ስላቃተኝ ነው። "አንቺ" ስል ፊቴ ትመጪብኛለሽ።

ተቋሙ ተቀብሎኛል። ይህን መጻፍ ነበረብኝ፤ ደስ ሊልሽ እንደማይችል አውቃለሁ።


ሰኔ 4

ለእህቴ ልጅ፣

"ይቅር ብዬሻለሁ" ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። ገና ስላላልኩ ነው። እየዋሸሁሽ ከምጽፍ ቆይቼ እውነቱን ብጽፍልሽ ይሻላል።

የተናደድኩት በአንቺ ብቻ አይደለም። ያን ሬዲዮ ላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ ጩኸቴ አንቺ ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ጉሮሮሽን አነቀው። ይህን ሳስብ አፍራለሁ። ቀጥሎ ደግሞ "ታዲያ እኔን ለመቅበር ይህን ያህል ቀለላት?" እላለሁ፤ እናደዳለሁ። ተመልሼ አፍራለሁ። እንዲህ ስመላለስ ነው የሰነበትኩት። ባለፈው ሐኪሙ "የቅርብ ቤተሰብ አለሽ?" ብሎ በሽተኛዋን ሲጠይቅ መተርጎም አቅቶኝ ቆምኩ። እሱ ቋንቋው የጠፋኝ መስሎት ደግሞ በቀስታ ነገረኝ።

ተቋሙ ገብተሽ ተማሪ። ትምህርቱ ሁለት ዓመት አይደል? ሁለት ዓመት ሞቼ እቆያለሁ። አልደውልም፤ አልጽፍም። ትንሿን ክፍል ለአንዲት የነርስ ተማሪ ሰጥቻታለሁ፤ ባዶዋን ማየት ስላልቻልኩ ነው።

እናትሽ ግን እንዴት ነች? ከለቅሶው ወዲህ እንዴት እንዳለች አንድ መስመር እንኳ አልጻፍሽልኝም።


ሰኔ 30

አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንደማትጽፊልኝ አውቃለሁ፤ አንብቢልኝ ብቻ።

እማዬ ከቤት አትወጣም ነበር። ለትምህርት ቤቷ አሞኛል ብላ ተቀመጠች። በመስኮት ሰው ሲያልፍ ካየች መጋረጃ ትጎትታለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ "እኔ የእናቴን ልጅ ቀበርኩ፤ አንቺ ሥራ አገኘሽ" አለችኝ፤ ሳትቆጣ፣ ጨው አቀብዪኝ እንደምትል።

በማግስቱ ኮሎኔሉ ዘንድ ሄድኩ። ቢሮአቸው ትንሽ ነው፤ መስኮቱ ላይ የተከሏትን አበባ ያጠጡ ነበር። "አክስቴ አልሞተችም" አልኳቸው፤ ሳልቀመጥ።

"አውቃለሁ" አሉኝ። ውኃውን አጠጥተው ጨረሱ። "አንቺ ከክፍሉ ሳትወጪ ነው ያወቅነው፤ ተቀመጪ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"እዚህ ከሚማሩት ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ማን አለና ነው? የአክስትሽ የሬዲዮ ነገር ደግሞ ያረጀ ወሬ ነው፤ ማንም አይጠይቅሽም ነበር። 'አለችኝ' ብትዪ ኖሮ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እናልፍ ነበር።"

አክስቴ፣ ያለምክንያት ነው የገደልኩሽ።

እሳቸው ግን አልጨረሱም። "መጀመሪያ ልንሰርዝሽ ነበር" አሉ። "ቀጥሎ አጣሪው የለቅሶውን ሁኔታ ነገረን። ሰው ሞልቶ፣ ፎቶ ቆሞ፣ ውሸቱ ሳይታወቅብሽ እያለቀስሽ እስከ መጨረሻው ተቀመጥሽ አለን። እናትሽም እንደዚያው። ይህ በትምህርት አይገኝም ልጄ። ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው እንዲህ ያለ ነው።" ፈገግ ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። "መስከረም ላይ እንገናኝ።"

ጨበጥኳቸው። ለምን እንደጨበጥኳቸው እስካሁን አይገባኝም። ብትሰድቢኝ፣ ብትረግሚኝ እችለው ነበር። መመስገኑን ግን አልቻልኩም። ደረጃውን ስወርድ እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ነበር። እታች በሩ ጋ ቆሜ ቆየሁና ተመልሼ ወጣሁ፤ "ቦታዬን ለሌላ ሰው ስጡት" አልኩ። ኮሎኔሉ አልተቆጡም። "እንደፈለግሽ፤ ግን ታሳዝኛለሽ" ብለው ወደ አበባቸው ዞሩ።

ለእማዬ ስነግራት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ተነስታ ወጣች። ተከተልኳት። የልብስ ሰፊዋ ሱቅ በር ላይ ቆማ፣ "እህቴ በሕይወት አለች፤ ዋሽተናችሁ ነው" አለች። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም፤ የያዘችውን እጅጌ ዳር እስኪደርስ ሰፋችው። ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ "እኔ ያለቀስኩትን ምን ላድርገው?" አለች። "ነገ የእውነቱ ሲመጣባችሁ ማን የሚመጣላችሁ ይመስላችኋል?"

እማዬ በየበሩ ሄዳ ለሁሉም ነገረች። "እኔ ልንገር" ስላት "አንቺ ከኋላዬ ቁሚ፣ ያዩሽ" አለችኝ። ቆምኩ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ በሩን ዘጋ። አሁን መንገድ ላይ ሰላም የሚለን ጥቂት ሰው ነው። እማዬ ግን መጋረጃ መጎተት ትታለች፤ ሰኞ ሥራ ገባች።

አንቺ ጋ ልምጣ ለማለት አፍ የለኝም። ክፍሏንም አልጠይቅም። እዚያ ያለውን ትምህርት ለመመዝገብ ግን ፈቃድሽን እለምናለሁ። ድሮ የፈለግኩት ከበሩ ውስጥ ለመግባት ነበር። አሁን ኮሎኔሉ ያመሰገኑኝ ነገር ምን እንደሆነ፣ ሰው በአገር ስም እንዴት እዚያ እንደሚደርስ፣ መማር እፈልጋለሁ። እምቢ ብትዪኝም ትክክል ነሽ።

የእህትሽ ልጅ


ሐምሌ 19

ለጠያቂዬ፣

አንቺም እናትሽም ሰላም ሁኑልኝ። ለእህቴ ለብቻ ጽፌላታለሁ፤ እሱን አታንብቢ።

ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ደወልኩ። "ማን ልበል?" አለች። ነገርኳት። ድምፄን እንዳወቀችው ከትንፋሿ ገብቶኛል። "እሷ ሞታለች" አለችና ዘጋችው። ደግሜ ስደውል አላነሳችም። አልፈርድባትም። ሳቂታ ደግሞ ሰምታ የስድብ መዓት አወረደችብኝ፤ "ራስሽን ስታስወድሺ ዋልሽ!" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ስለ አንቺ ምን እንደሚሰማኝ ገና አላወቅሁም። ትላንት ወደድኩሽ፤ ዛሬ ጠዋት ጥርስ ስቦርሽ ደግሞ ተናደድኩብሽ። እንደዚህ ሆኜ ልትመጪብኝ ነው፤ እወቂው። ክፍሏ ተይዛለች፤ ሳሎን ትተኛለሽ። ትልቅ ካፖርት ያዢ፤ እዚህ ያለኝ አንድ ነው፤ ለእኔም አልበቃኝ።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ሄጄ ነበር። ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል። ጸሐፊዋ ስምሽን ጽፋ ቀና አለችና "ዘመድሽ ናት?" አለችኝ።

ልንገርሽ። "አይ፣ በሩቅ የማውቃት ልጅ ናት" የሚል ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሙሉውን አዘጋጅቼው ነበር፤ ደስ ብሎኝ ልለው ነበር። እንዴት እንደሚቀል ያኔ ገባኝ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። ጠረጴዛዋን ያዝኩ።

"የእህቴ ልጅ ናት" አልኳት። "ጻፊው።"